«ጌሾ የለበትም» ልጅ አያድንም



ዛሬ የምጽፈው ምክር ብቻ አይደለም፤ ሙግትም ነው። የምሟገተው ከሰው ጋር ሳይሆን ከሁለት ቃል ጋር ነው። በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ በየእርዱና በየዝክሩ ቤት የምንሰማቸው፣ ብዙዎቻችን አምነናቸው ያደግን ሁለት ቃላት ናቸው፦ «ጌሾ የለበትም።»

እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ ትንንሽ ልጆች ያላችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ በየቀኑ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሩ ጥር ነበር፣ የሠርግ ወር። የመካነ ሰላምን፣ የሳይንትን፣ የወግዲንና የለጋምቦን ደጋ የሚያውቅ ሰው የጥርን ብርድ ያውቀዋል። ከእነዚህ ደጋዎች በአንዱ ስሠራ፣ ገና ሳይነጋ አንዲት አያት ሦስት ዓመት ተኩል የሆነውን የልጅ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው አቅፈው ገቡ። ልጁ ሲጠሩት አይሰማም። እጁና እግሩ ቀዝቅዟል። ሲነኩት ያቃስታል እንጂ ዓይኑን አይገልጥም። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ እንደ ተንቀጠቀጠ ነገሩኝ።

መጀመሪያ ያሰብነው ወባ ነው፤ ቀጥሎ የማጅራት ገትር። ወደ ቆላው፣ ወደ ዓባይ በኩል ወርዶ የመጣ ልጅ ሁሉ እስኪጣራ ድረስ በወባ ይጠረጠራል። ግን ከሁሉ በፊት የደም ስኳሩን ለካን፤ 31 ሆነ። ጤነኛ ልጅ ላይ ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ70 በላይ ነው። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጠነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ዓይኑን ገለጠና «እማ» አለ። አያቱ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅ የጀመርኩት።

«እማማ፣ ማታ ምን በላ?»

«ኧረ ምንም አልበላ ልጄ። ከሠርገኛው ጋር ሲሯሯጥ ውሎ ሳይበላ ተኛ።»

«ምን ጠጣ?»

«ብርዝ ነዋ! ሌላ ምን ይጠጣል? ጠላውን አላስነካነውም።»

«ብርዙ መቼ የተበረዘ ነው?»

ትንሽ ዝም አሉ። በጣታቸው ቆጠሩ። «ለሠርጉ ተብሎ ነው የተበረዘው… ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። በጄሪካን ሆኖ ከምድጃው አጠገብ ነበር።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ እኔ ልፈርድባቸው የተነሣሁ መስሏቸው፣ እየማሉ እንዲህ አሉኝ፦ «ግን ዶክተርዬ፣ ጌሾ የለበትም! እመቤቴን ጌሾ የለበትም!»

እኚህ አያት አልዋሹም። የልጅ ልጃቸውንም አልበደሉም፤ በሚያውቁት ልክ ጠብቀውታል። ጠላውን ከልክለው «ጌሾ የሌለበትን» ሰጥተውታል። የበደላቸው የተነገራቸው ነገር ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ከዚያ ነገር ጋር የምሟገተው።

ከመሟገቴ በፊት ግን እኔም ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ነፍሰ ጡር «ጠላ ልጠጣ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተዪው፤ ካማረሽ ጌሾ የሌለበትን ትንሽ ቅመሺ» አልኳት። ሐኪም ሆኜ ነው ይህን ያልኩት። ከመማሪያ መጽሐፍ ያገኘሁት አልነበረም፤ እናቴ ቤት የሰማሁት ነው። ትምህርቱ በአንድ ጆሮ፣ ልማዱ በሌላው ጆሮ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ልማዱ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከእናንተ በላይ ቆሜ አይደለም።

አልኮሉ የሚመጣው ከየት ነው?

መልሱ አጭር ነው፦ ስኳርና እርሾ ሲገናኙ። እርሾ በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር ነው። ስኳር ይበላል፣ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት በእኛ ጠላ ላይ ባይሆንም በወይንና በቢራ ላይ ይህንኑ ካሳየ ከ160 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ጠላ ውስጥ ስኳሩ የሚመጣው ከእህሉ ነው። ብቅሉ የገብሱን ወይም የዳጉሳውን ስታርች ሰብሮ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ብርዝ ውስጥ ስኳሩ ማሩ ራሱ ነው። ቀሪቦ ውስጥ ደግሞ ከተቆላው ገብስ በላይ የምንጨምረው ስኳር አለ። እርሾውስ? እርሾ ከማሩ ጋር፣ ከእህሉ ጋር፣ ከዕቃው ግድግዳ፣ ከእጃችን፣ ከአየሩም ይመጣል። ማንም ሳይጠራው ይገባል። ጋኑን በግራዋ አጥበን በወይራ ብናጥነውም ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ታዲያ ጌሾ የት ላይ ነው ያለው? ጌሾ ስኳር አይደለም፤ አልኮልም አይደለም። ከቅጠሉና ከእንጨቱ ጋር እርሾ አብሮ ስለሚገባ ጥንስሱን ያግዛል፤ ያ እውነት ነው። ግን እሱ ባይኖርም ሥራው አይቀርም። ይዘገይ ይሆናል፣ ጣዕሙ ይለያል፣ ቶሎ ይኮመጥጣል። አልኮሉ ግን ይመጣል።

አላመናችሁኝም? እሺ፣ ከራሳችን ጓዳ ሦስት ምስክር ልጥራ።

አንደኛው ምስክር አረቄ ነው። አረቄ የሚወጣው ጌሾና ብቅል ከገባበት ድፍድፍ ነው። ድፍድፉ ሲፈላ አልኮሉ በእንፋሎት ተነሥቶ በመቃው ያልፋል፣ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። የጌሾው ምሬት ግን አይተንም፤ ከአተላው ጋር እንስራው ውስጥ ይቀራል። አረቄ ቀምሳችሁ የጌሾ ምሬት አግኝታችሁበት ታውቃላችሁ? የሚያሰክረው ጌሾ ቢሆን ኖሮ አረቄ ከሁሉም የለዘበ መጠጥ፣ አተላው ደግሞ ከሁሉም የከፋ በሆነ ነበር። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው።

ሁለተኛው ምስክር ቦርዴ ነው። በደቡብ የአገራችን ክፍል የሚጠጣው ቦርዴ ጌሾ አይገባበትም። አልኮል ግን አለው። የደቡብ ሰው «ጌሾ ስለሌለበት አያሰክርም» ብትሉት ይስቅባችኋል።

ሦስተኛው ምስክር የፈረንጅ ቢራ ነው። ቢራ ውስጥ እንደ ጌሾ ሆኖ የሚገባው ሆፕስ የሚባል ሐረግ አበባ ነው። ብዙ ሰው «የቢራ ጌሾ» ይለዋል፤ ከእኛ ጌሾ ጋር ግን ዘመድ አይደሉም። የእኛው ቁጥቋጦ ነው፣ የእነሱ የሚጠመጠም ሐረግ። ሥራቸው ግን ይመሳሰላል፦ ምሬት መስጠትና መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ መርዳት። እ.ኤ.አ. በ1516 የባቫሪያ መሳፍንት ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ ብቻ ይጠመቅ ብለው ሕግ ሲያወጡ እርሾን እንኳ አልጠቀሱም፤ ምን እንደ ሆነ አያውቁትምና። ከሆፕስ በፊትም አውሮፓውያን በሌላ ቅጠላ ቅጠል ቢራ ይጠምቁ ነበር፤ ይሰክሩም ነበር።

ሦስቱም ምስክሮች የሚሉት አንድ ነው፦ አሰካሪው ጌሾ አይደለም፤ ቀኑ ነው። ስኳርና እርሾ አንድ ላይ የቆዩበት ቀን።

የጌሾ እውነተኛ ሥራ

ጌሾን ያለ ስሙ አልወቅሰውም። አገራችን በጥናቱ የራሷ ድርሻ አላት። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው ምሬቱን የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ለይተው «ጌሾይዲን» ብለው ሰይመውታል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ታትሟል። ምሬቱ ምሬት ነው። ራስ አያዞርም፣ አንጎል አያደነዝዝም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ጌሾን ሁለት ጊዜ እየበደልነው ነው። አንደኛ ባላደረገው እንከሰዋለን፦ «ራሴን ያመመኝ ጌሾ በዝቶበት ነው»፣ «ጉበቴን ያቃጠለው ጌሾ ነው» እንላለን። የጠጣነውን አምስት ብርጭቆ አንቆጥርም። ሁለተኛ የማይችለውን ተአምር እንሰጠዋለን፦ «ጌሾ ካለበት ጀርም አይኖረውም»፣ «ጌሾ ሆድ ያጸዳል»፣ «ጌሾ ለቶንሲል መድኃኒት ነው»። ክሱም ውዳሴውም የሚሸፍኑት አንድ ነገር አለ፤ አልኮሉን። ስለ ጌሾ ስናወራ ስለ አልኮል ማውራት እንረሳለን።

ልጅ ላይ ለምን ይከፋል?

የጠላ አልኮል ከቤት ቤት ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 እጅ ከ2 እስከ 6 ይሆናል፤ ፍልተሩ ከቅራሪው ይበረታል። ብርዝ ደግሞ በቆየ ቁጥር ወደ ጠጅ እየተጠጋ ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ።

60 ኪሎ የሚመዝን አባትና 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አስቡ። ልጁ ግማሽ ብርጭቆ፣ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢጠጣ፣ ከሰውነቱ አንጻር አባትየው ከዚያው መጠጥ 600 ሚሊ ሊትር እንደ ጠጣ ይቆጠራል። ይህ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል። «ትንሽ ነው የቀመሰው» የምንለው ትንሽ የሚሆነው ለእኛ ነው።

ዋናው አደጋ ግን ስካሩ ብቻ አይደለም። ልጅ ሲተኛና ሳይበላ ሲያድር ጉበቱ ካጠራቀመው ስኳር እያወጣ ደሙን ይመግባል። የልጅ ጉበት ጎተራ ትንሽ ነው፤ የከሳ ልጅ ጎተራ ደግሞ ባዶ ሊሆን ይችላል። ጎተራው ሲያልቅ ጉበት አዲስ ስኳር መሥራት አለበት። አልኮል ይህን አዲስ ስኳር የመሥራት ሥራ ያግዳል። በዚህ ጊዜ የደም ስኳር ይወርዳል። አንጎል ያለ ስኳር አይኖርም። ልጁ ይደክማል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል። ብዙ ከቆየ አንጎሉ ይጎዳል፤ ሊሞትም ይችላል።

ልብ በሉ፤ ይህ የሚሆነው ሠርጉ ቤት ሁሉም እያየው ሳይሆን ሌሊት ነው። ልጁ «ደክሞት ተኛ» ይባላል። እናቱ ደክሟታል፣ አባቱ እንግዳ ይሸኛል። ጠዋት ላይ «ቡዳ በላው»፣ «ዓይን ነው» ይባልና ሰዓት ይባክናል። የዚያ ልጅ አያት ወዲያው ይዘውት ባይመጡ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ መንፈስ ነበር የምጽፈው።

ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ብርዝ ዛሬ የተበረዘ ቢሆንም አትስጡ። ማር ለዚህ ዕድሜ አይሰጥም፤ የሕፃኑን ጡንቻ የሚያዝል መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ውኃም አይጨመርም።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት

አልኮል በእትብቱ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። ጽንሱ የሚያጣራበት የበሰለ ጉበት የለውም። አንጎሉ ደግሞ ዘጠኙንም ወር እየተሠራ ነው። በእርግዝና ጊዜ አይጎዳም ተብሎ የታወቀ መጠን የለም። «አንድ ዋንጫ ምን ያደርጋል?» ለሚለው መልሴ ይህ ነው፦ ማንም ሐኪም «ምንም አያደርግም» ብሎ ሊፈርምልሽ አይችልም፤ እኔም አልፈርምም። ያኔ ያንቺን ጥያቄ በቸልታ የመለስኩልሽ እናት ይህን ካነበብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

«ቅራሪ ወተት ያመጣል» የሚባለውም እውነት አይደለም። አልኮል የጡት ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞን ያዳክማል፤ በእናትየው ደም ውስጥ ያለው አልኮልም ወደ ወተቷ ያልፋል። ወተት የሚያመጣው ልጁን ደጋግሞ ማጥባት፣ በቂ ምግብና በቂ ፈሳሽ ነው። አጥሚት ጠጪ፣ ሾርባ ጠጪ፣ ውኃ ጠጪ።

መድኃኒት የምትወስዱ

«ዶክተር፣ ጠላ ትቻለሁ። አሁን ብርዝና ቀሪቦ ብቻ ነው» የሚለኝ ሕመምተኛ ብዙ ነው። ደስ ብሎት ነው የሚነግረኝ። አዝናለሁ፣ ደስታውን ላበላሸው ነው።

1. የስኳር ሕመምተኞች፦ ቀሪቦና ብርዝ አዲስ ሲሆኑ ስኳር ናቸው፣ ሲቆዩ አልኮል ናቸው። አዲሱ ስኳራችሁን ያወጣዋል። የቆየው ደግሞ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ለሚወስድ ሰው፣ በተለይ ሳይበላ ከጠጣ፣ ስኳሩን አደገኛ በሆነ መንገድ ሊያወርደው ይችላል።

2. የቲቢ መድኃኒት የጀመራችሁ፦ መድኃኒቶቹ ራሳቸው ጉበት ላይ ይከብዳሉ። አልኮል ሲጨመርበት ጉበት ሊቆጣ፣ ዓይን ቢጫ ሊሆን፣ ሕክምናው ሊቋረጥ ይችላል።

3. የሚጥል ሕመም ያለባችሁ፦ ፌኖባርቢታልና አልኮል አንድ ላይ እንቅልፍንና ትንፋሽን ያዳክማሉ። «ዛሬ ሠርግ ስለሆነ ኪኒኑን ልዝለል» ማለት ደግሞ ሕመሙን መጥራት ነው።

4. ሜትሮኒዳዞል (ፍላጂል) የታዘዘላችሁ፦ እስክትጨርሱና ከዚያም በኋላ እስከ 3 ቀን ከአልኮል ራቁ።

5. የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ) ያለባችሁ፦ ጉበታችሁ ሁለት ጠላት አይችልም። «ጌሾ የሌለበት አረቄ» የሚባል መድኃኒት የለም።

6. የደም ግፊትና የጨጓራ ቁስለት ያለባችሁ፦ አልኮል ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ይልጣል። ጌሾውን መቀነስ ይህን አይለውጠውም።

«ግን ዶክተር…» ለምትሉ

በዚህ ጉዳይ ባወራሁ ቁጥር የሚመጡትን መልሶች አውቃቸዋለሁ። አንድ በአንድ ልመልስ።

«አባቶቻችን ይህንኑ ጠጥተው ነው ያደጉት።» ያደጉትን ነው የምናያቸው። ያላደጉትን ማን ይቁጠራቸው? አያቶቻችሁን ስንት እንደ ወለዱና ስንት እንዳሳደጉ ጠይቋቸው። መካከል ላይ የጠፉት ሁሉ በብርዝ ሞቱ አላልኩም፤ ግን «ያደግነው እኛ ማስረጃ ነን» የሚለው ሙግት የሞቱትን አይጠይቅም።

«ውኃችን አይታመንም፤ ጠላ ይሻላል፤ ጌሾው ጀርሙን ይገድላል።» የጠላ ኮምጣጣነትና አልኮሉ አንዳንድ ጀርም እንዳይራባ ያደርጋሉ፤ ይህ እውነት አለበት። ግን ጠላው ሲቀጥን የሚጨመረው ውኃ ከየት ነው? ከዚያው ከማይታመነው ምንጭ ነው። ብዙ ጊዜም አይፈላም። የውኃ ችግር መፍትሔው ውኃውን ማፍላት ወይም እንደ ውኃ አጋር ባለ ክሎሪን ማከም ነው። ልጅን ከተቅማጥ አድናለሁ ብሎ አልኮል መስጠት ከዝናብ ሸሽቶ ወንዝ መግባት ነው።

«ጌሾ ራሱ መድኃኒት ነው።» የጌሾ ወገን የሆኑ ዛፎች ሆድ የሚያስቀምጥ ንጥረ ነገር አላቸው። በአሜሪካ ካስካራ የሚባለው ዘመዱ ለድርቀት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ነበር፤ የደኅንነት ማስረጃ ስላልቀረበለት እ.ኤ.አ. በ2002 ከዚያ ዝርዝር ወጥቷል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ወይም ልጅ የጌሾ ውኃ ቀቅሎ መጠጣት የለበትም። ቶንሲልን በተመለከተ ደግሞ አጥብቄ እናገራለሁ። ሳይታከም የሚቀር የጉሮሮ ቁስለት በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ ልብ ያጠቃል። የልብ በር ችግር ያለባቸው ወጣቶች በአገራችን ብዙ ናቸው፤ የብዙዎቹ ታሪክ የሚጀምረው ከልጅነት ጉሮሮ ነው። ጉሮሮው ያመመውን ልጅ ጌሾ አታስነክሱት፤ እንጥሉን አታስቆርጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፔኒሲሊን ርካሽ ነው፤ የልብ ቀዶ ሕክምና ግን ርካሽ አይደለም።

«ባህላችንን አትንኪ።» ይኼኛው ያመኛል፣ ምክንያቱም ባህሉ የእኔም ነው። ጥንስስ ጥንሰሳ አይቼ ነው ያደግኩት። ጠላ ጠምቀው ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ላባቸውን አከብራለሁ። የባህላችንን ጥልቅ ነገር ግን ልብ እንበለው። እኛ ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሠርግ ይቀመጣል። «ጌሾ የለበትም» የሚለው ቃል መነሻው ለጎረቤት አክብሮት ነው፤ «አብሽር፣ ጠጣ፣ አልኮል የለበትም፣ ለአንተ ብለን ለይተን ያዘጋጀነው ነው» ማለት ነው። ቃል ኪዳን ነው። የሃይማኖት ብይን መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም፤ አባቶችና ሼሆች አሉ። ግን እንደ ሐኪም አንድ ነገር ልመስክር፦ ዘጠኝ ቀን የቆየ ብርዝ ጌሾ ባይኖርበትም አልኮል አለበት። ለጎረቤታችን የገባነው ቃል እውነት እንዲሆን ከፈለግን ጌሾውን ሳይሆን ቀኑን መቁጠር አለብን። ይህ ባህል መንካት ከሆነ ባህሉን ወደ ቃሉ መመለስ ነው።

«ለአዋቂ ሰውስ?» አዋቂ ሰው ለራሱ ይወስናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏል። እኔም የምለው ያንኑ ነው። ሆኖም የዛሬ ሙግቴ ስለ አዋቂው አይደለም። የአገራችን ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። መሸጫ ቤት ላይ ለ20 ዓመት ወጣት የከለከልነውን እቤታችን ለ3 ዓመት ልጅ በጣሳ መቅዳት የለብንም።

ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄውን እንቀይር

«ጌሾ አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይብቃ። ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ቀኑ ነው?» የሚለው ነው።

- ለልጆች የሚሆን ብርዝ ወይም ቀሪቦ ካስፈለገ በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ጠዋት ተዘጋጅቶ በዚያው ቀን ይጠጣ። የተረፈውን ለነገ አታቆዩላቸው።
- አረፋ ካወጣ፣ ጄሪካኑ ካበጠ፣ ክዳኑ ሲከፈት «ጪስ» ካለ፣ ምላስ ከቆነጠጠ አልኮል ገብቶበታል። ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕመምተኛ አይሆንም።
- ቅራሪ ቀጭን ጠላ ነው እንጂ ውኃ አይደለም። ለልጅ አይሰጥም።
- ድግስ ባለበት ቀን ልጆች ከመተኛታቸው በፊት መብላታቸውን አንድ ሰው ይቆጣጠር። ጣሳና ብርጭቆ ውስጥ የተረፈውን ቶሎ ድፉት፤ ልጆች ቂጡን ሲጨልጡ አይታይም።
- ለልጆች የሚሻለው የፈላ ውኃ፣ የፈላ ወተት፣ አጥሚት፣ በዚያው ሰዓት የተበጠበጠ በሶ ነው።

ልጃችሁ አልኮል ያለበት ነገር ጠጥቶ ብታገኙት ደግሞ፦

- ነቅቶ የሚውጥ ከሆነ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወይም ምግብ ወዲያው ስጡት፤ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን አታስተኙት።
- ካልነቃ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መዋጥ ካቃተው በአፉ ምንም አትስጡት፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙት፣ በጋቢ ሸፍናችሁ አሙቁት፣ ሳትዘገዩ ይዛችሁ ሂዱ።
- ጣት ከትቶ ማስታወክ፣ ቡና ማጠጣት፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ይጎዱታል። አታድርጉት።
- ለሐኪሙ የጠጣውን እውነቱን ንገሩ። አንፈርድባችሁም። የማናውቀውን ማከም ግን እንቸገራለን።

ያ ልጅ በማግስቱ እንጀራ በልቶ፣ ከአልጋው ወርዶ እየሮጠ ነው የወጣው። አያቱ ሲሰናበቱኝ እጄን ይዘው «እንግዲህ ለሰፈሩ ምን ብዬ ልንገር?» አሉኝ። «ቀን ቁጠሩ በሏቸው» አልኳቸው። እሳቸው የሰፈራቸውን ነገር ተቀብለው ሄዱ፤ እኔ ደግሞ ለእናንተ ጻፍኩ።

ቀጣዩ ድግስ ከመድረሱ በፊት ለእህታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ፣ ብርዝ ለምትበርዘው አክስታችሁ አንብቡላቸው፣ አጋሩላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ በተቻለኝ ሁሉ እመልሳለሁ። የታመመ ልጅ ካለ ግን መልሴን አትጠብቁ፤ ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ተቋም ሂዱ።

ልጆቻችሁን ፈጣሪ ይጠብቅላችሁ። እናንተም ቀን ቁጠሩ።